ሃርፕ ላይ ዝናብ እንዴት ይጻፋል?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦

«የምኖረው ጎንደር፣ አዘዞ ነው። የሙዚቃ መምህር ነኝ። ስለ ክረምት አንድ የ9 ደቂቃ ሥራ ለኦርኬስትራ እየጻፍኩ ነው። መሃል ላይ ሃርፑ ብቻውን ለ20 ሰኮንድ ያህል ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የሚወርድ ዝናብ እንዲያሰማ እፈልጋለሁ። በጠብታ ጀምሮ በረዶ እስኪሆን። መጨረሻው ላይ ደግሞ እንደ በገና እዝዝ እንዲል። ሃርፕ ያው ትልቅ በገና ስለሆነ ይሄ የሚከብድ አይመስለኝም። ችግሬ አጻጻፉ ነው። እያንዳንዱን ኖታ ብጽፈው ሕይወት ያጣል። ‹አድ ሊብ› ብዬ ብተወው ምን እንደሚመጣ አላውቅም። አጠገቤ ሃርፕ የለም፤ ኮምፒውተሩ ላይ ግን ጥሩ ይሰማል። ቅኝቱ አምባሰል ነው፣ ከዶ። ምን ላድርግ?»

መጀመሪያ «አድ ሊብ» የሚለውን ይሰርዙት። ይህ ቃል ኦርኬስትራ ውስጥ ሁለት ትርጉም አለው። አንዱ «እንደፈለግህ ተጫወት» ነው። ሌላው «ከፈለግህ ተወው» ነው። የልምምድ ሰዓት ያጠረበት ተጫዋች የትኛውን እንደሚመርጥ መገመት አያቅትም። 20 ሰኮንድ ዝናብ ጠብቀው 20 ሰኮንድ ፀጥታ ቢያገኙ ተጫዋቹን መውቀስ አይችሉም፤ የተጻፈውን ነው ያደረገው።

ሁለተኛ፣ ኮምፒውተሩን አይመኑት። ሶፍትዌሩ ሃርፕ ብሎ የሚያሰማው ድምፁን ብቻ ነው፤ እግር የለውም። ሃርፕ ደግሞ ግማሹ ሥራ የእግር ነው። የኮንሰርት ሃርፕ 47 ክር እና 7 ፔዳል አለው። እያንዳንዱ ፔዳል አንድ የኖታ ስም ይገዛል። የዶ ፔዳል ሲነካ ዶዎቹ ሁሉ አብረው ይነካሉ። ፔዳሉ ወደ ላይ ሲሆን ፍላት (ግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ)፣ መሃል ላይ ናቹራል (እንዳለ)፣ ታች ሲረገጥ ሻርፕ (ግማሽ ድምፅ ከፍ ያለ) ነው። ሴባስቲያን ኤራር ይህን ባለ ሁለት እርምጃ ፔዳል በ1810 እ.ኤ.አ. ካስመዘገበ ወዲህ መሠረቱ አልተለወጠም። ስለዚህ ተጫዋቹ በአንድ ቅጽበት እጁ ላይ ያለው ሰባት ድምፅ ብቻ ነው። ፒያኖ ላይ እንደሚደረገው ነጩንም ጥቁሩንም እየነካካ ከራሱ የሚያመነጨው ነገር የለም። «ነጻ ነህ» ብለው ፔዳሉን ካልነገሩት ነጻነቱ የሚጀምረው ካለፈው ገጽ የቀረው ፔዳል ላይ ነው።

ይህን ያወቅኩት ተዋርጄ ነው። ድሮ አንድ ሥራዬ ላይ «በነጻነት፣ እንደ ውሃ» ብዬ ጽፌ ወዛወዝ ያለ መስመር አሰመርኩ። ቆንጆ መስመር ነበር። ሃርፒስቷ ከቀደመው ክፍል የቀረው ፔዳል እንዳለ ሆኖ ከላይ እስከ ታች አወረደችው። ቫዮሊኖቹ አምባሰል ላይ ናቸው፤ እሷ ሌላ ሰፈር። መሪው አቆመ። አዳራሹ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። በእረፍት ሰዓት ፓርቱን፣ ማለት የእሷን የኖታ ወረቀት፣ መልሳ ሰጠችኝ። በእርሳስ ሰባት ትንንሽ ጭረት ስላበታለች። አንዲት ቃል አልተናገረችም። ያን ወረቀት እስካሁን አልጣልኩትም።

እነዚያ ጭረቶች የፔዳል ሥዕል ይባላሉ። አንድ አግዳሚ መስመር ያሰምራሉ። መሃሉን በቁም መስመር ይከፍሉታል። ከግራ ሦስት ፔዳል፦ ሬ፣ ዶ፣ ሲ። ከቀኝ አራት፦ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ። (እዚህ ሲ የምለው ላ እና ዶ መሃል ያለችውን ነው።) ጭረቱ ከመስመሩ በላይ ከሆነ ፍላት፣ መስመሩ ላይ ከሆነ ናቹራል፣ ከታች ከሆነ ሻርፕ። ተጫዋቹ በአንድ ዓይን ያነበዋል። ኖታ መጻፊያዎቹ ሶፍትዌሮች ሙዝስኮርም ዶሪኮም የሚሠሩበት መሣሪያ አላቸው፤ በእጅ መሣል አያስፈልግም።

አሁን ወደ አምባሰል። ከዶ ሲነሣ ድምፆቹ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት ናቸው። አምስት ድምፅ፣ ሰባት ክር። ሁለቱ ትርፍ ክሮች ሚ እና ሲ ናቸው። እነሱን መዝለል አይቻልም፤ እጅ ሲንሸራተት ሁሉንም ይነካል። መፍትሔው ሚን ሻርፕ ማድረግ ነው፤ ፋ ይሆናል። ሲንም ሻርፕ ማድረግ ነው፤ ዶ ይሆናል። በቃ፣ አለቀ። ሥዕሉ ላይ ሬ ከላይ፣ ዶ መስመሩ ላይ፣ ሲ ከታች፤ በቀኝ ሚ ከታች፣ ፋ እና ሶል መስመሩ ላይ፣ ላ ከላይ። ተጫዋቹ ዓይኑን ጨፍኖ ቢያንሸራትት እንኳ ከአምባሰል አይወጣም። አዝማሪም ማሲንቆውን ሳይቃኝ ግጥም አይጀምርም። መቃኘቱ ነው የሚያስፈነጥዘው።

እዚህ ላይ አንድ የምወደው ነገር ልንገርዎ። ከዚህ አቀማመጥ ላይ ሶልን ብቻ ወደ ፍላት ያንሡት። ያገኙት ከሬ ፍላት የሚነሣ ባቲ ሜጀር ነው። ቀጥሎ ላን ወደ ናቹራል ያውርዱት። አሁን ከዶ የሚነሣ አንቺሆዬ ሆነ። ሁለት የእግር ንቅናቄ፣ ሦስት ቅኝት። ባቲን ከዶ ራሱ ልጀምር ብለው ቢሉ ግን አይሆንም። ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ስለሚሆን ሬ እና ላ መደበቂያ ያጣሉ። ስለዚህ ለሃርፕ ሲጻፍ የሚነሡበት ድምፅ የጣዕም ጉዳይ ብቻ አይደለም። ጥንቃቄም አለው፦ ይህ የፒያኖ ልክ ነው። አንቺሆዬን ከዘፋኝ አፍ የሰማ ሰው እዚህ ላይ ትንሽ ይቆረቁረዋል። ሃርፑ ያንን ልዩነት አይሰጥዎትም።

ትርፍ ክሮቹ ሌላ ጥቅም አላቸው። ሚ ሻርፕ እና ፋ አንድ ድምፅ ናቸው፤ ክራቸው ግን ሁለት ነው። ሁለት ጣት እያፈራረቀ ቢነካቸው አንዱ ድምፅ ይንቀጠቀጣል። ሃርፒስቶች ቢስቢሊያንዶ ይሉታል፤ ሹክሹክታ እንደማለት ነው። የመጀመሪያው ጠብታዎ እዚህ ነው ያለው።

ስለ በገናው ያሉትን ማረም አለብኝ። ሃርፕ ትልቅ በገና አይደለም። መጽሐፍ ቅዱሳችን የዳዊትን መሣሪያ በገና ስለሚለው፣ ፈረንጁም ሃርፕ ስለሚለው፣ ሁለቱ አንድ መስለው ቀሩ። በገና እንደ ክራር ነው። አሥሩ ክሮች ከቀንበሩ ወርደው በበርኩማው ላይ ያልፋሉ፤ ክሩና በርኩማው መሃል እንዚራ የምትባል ቁራጭ ቆዳ ትገባለች። እዝዝ የሚለው ከእሷ ነው። ሃርፕ ላይ ክሩ በቀጥታ ከድምፅ ሳንቃው ይነሣል። በርኩማ የለም። እንዚራ የሚገባበት ቦታም የለም። «እንደ በገና» ብለው ቢጽፉ አንድ የውጭ አገር ሃርፒስት ምን ያድርግ?

የሚቀርቡት መንገዶች ሁለት ናቸው። አንዱ ወረቀት ነው። ረዘም ያለ ቁራጭ ወረቀት በመሃል ክሮች መሃል ከላይ ከታች ይሸመናል። ሲነካ ይንዛዘዛል። ድምፁ ደስ ይላል፤ ግን ለማስገባትም ለማውጣትም ጊዜ ይፈልጋል፣ ሲወጣም ይንኮሻኮሻል። ከበረዶው ቀጥሎ እጁ ባዶ ስላልሆነ ለእርስዎ አይሆንም። ሁለተኛው ፔዳሉን በግማሽ መርገጥ ነው። ክሩ እየጮኸ ሳለ ፔዳሉ ቀስ ብሎ ሲሄድ፣ ላይ ያለችው ክብ ብረት ክሩን ነካ ታደርገዋለች። እዝዝ ይላል። ከታች ያሉት 12 የሚሆኑ ክሮች የብረት ጥምጥም ስለሆኑ እዚያ በደንብ ይሰማል። ቶሎ ይሞታል እንጂ።

እኔ ፔዳሉን ነው የምመርጥልዎት፤ ያውም ዶ ላይ። ቅኝቱ የሚያርፍበት ነው። የዶ ፔዳል የግራ እግር ነው፤ ግራ እግሩ ደግሞ እስከዚያ ሥራ ፈትቷል። ግን ከታች መጀመሪያ ያለውን ዶ አይስጡ። የታችኛዎቹ ሁለት ክሮች በአብዛኛው ከፔዳል ጋር አይገናኙም። ሁለተኛውን ዶ ይስጡት። ፔዳሉ ዶዎቹን ሁሉ ስለሚነካም መጀመሪያ ክሮቹ በሙሉ ይታፈኑ።

ወደ አጻጻፉ እንግባ። ያሉዎት አማራጮች አራት ገደማ ናቸው። ሁሉን መጻፍ፣ በሥዕል ማሳየት፣ በቃል መግለጽ፣ ወይም ሳጥን። ሁሉን መጻፉን ራስዎ ጥለውታል፤ ትክክል ነዎት። የዝናብ ጠብታ በአሥራ ስድስተኛ ኖታ ሲጻፍ የልብስ ስፌት ሲንጀር ይመስላል። ሥዕል ብቻውን የእኔ ወዛወዝ መስመር ነው፤ ታሪኩን ነግሬዎታለሁ። ቃል ብቻውን ደግሞ ግጥም ነው። የሚቀረው ሳጥን ነው፤ እኔም እሱን ይጻፉ እላለሁ።

ሳጥን ማለት የተወሰኑ ኖታዎችን በአራት ማዕዘን ከብቦ «እነዚህን በፈለግከው ቅደም ተከተል፣ ይህን ያህል ጊዜ» ማለት ነው። ከሳጥኑ ቀጥሎ ወፍራም መስመር ይሄዳል፤ መስመሩ እስኪያልቅ ይቀጥላል። አዲስ ነገር አይደለም። የፖላንዱ የሙዚቃ ደራሲ ቪቶልድ ሉቶስዋቭስኪ ከ1961 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሙሉ ኦርኬስትራ በዚህ መንፈስ አጫውቷል። ጊዜውን በሰኮንድ መጻፍም በዚያው ዘመን የተለመደ ነው። የእርስዎ 20 ሰኮንድ በሦስት ሳጥን ያልቃል።

የመጀመሪያው ሳጥን 8 ሰኮንድ። ከላይ ባሉት ሁለት ኦክታቮች ውስጥ አምስት ነጠላ ኖታ፣ ግንድ የሌላቸው ጥቁር ነጥቦች። አንዱ የሚ ሻርፕ እና የፋ መፈራረቅ ይሁን። በጣም በዝግታ፣ በጣም ለስላሳ። አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ይጻፉ፦ «እኩል ያልሆነ ርቀት፤ ሁለት ጠብታ በእኩል ጊዜ አይከተሉ።» ይህች ዓረፍተ ነገር ከሥዕሉ ሁሉ ትበልጣለች። ሐምሌ ላይ ዝናብ ሊጀምር ሲል ቆርቆሮው ላይ የሚሰማውን ልብ ብለው ያውቁ ይሆናል። ጠ። ከዚያ ዝም። ጠጠ። ጆሮ የሚጠብቀው ዝምታውን ነው።

ሁለተኛው ሳጥንም 8 ሰኮንድ። አሁን ከሦስት እስከ አራት ኖታ ያላቸው ጭብጦች (አብረው የሚነኩ ኖታዎች)፣ በሁለት እጅ፣ እየበረቱ። ሃርፒስት ትንሿን ጣት አይጠቀምባትም፤ በአንድ ጊዜ ከስምንት ድምፅ በላይ አይጠብቁ። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። በረዶው አንቺሆዬ ላይ እንዲወርድ ከፈለጉ፣ እኔ ብሆን እፈልግ ነበር፣ የሶልና የላ ፔዳል መቀየር አለበት። ሁለቱም የቀኝ እግር ናቸው፤ ተራ በተራ ነው የሚሄዱት። ክሩ እየጮኸ ፔዳል ከተቀየረ ድምፁ ይንሸራተታል። ስለዚህ የሳጥኑን የመጨረሻ ጭብጥ ሶልም ላም የሌሉበት ያድርጉት። «በዚህ ይጨርሱ» ብለው ያስሩት። ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ ይበቃሉ። እጁ እዚያ ሲጫወት እግሩ ሥራውን ይጨርሳል። አዲሱን የፔዳል ሥዕል ከሳጥን ሦስት ፊት ይድገሙት።

ሦስተኛው 4 ሰኮንድ ብቻ ነው። በረዶ። በጥፍር የሚወርድ ግሊሳንዶ (ክሮቹን ማንሸራተት)፣ ደጋግሞ፣ ከተለያየ ቦታ እየተነሣ። እዚህ ወዛወዝ መስመሩን ይፈቀድልዎታል፤ ፔዳሉ ታስሯልና የትም አይሄድም። ካርሎስ ሳልዜዶ የሚባል ሃርፒስት በ1921 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መማሪያ ለእንዲህ ዓይነቱ ሁሉ ስምና ምልክት አውጥቷል፤ ነጎድጓድም በረዶም አለበት። የፔዳል ሥዕሉም የመጣው ከእሱ ነው። ሆኖም ምልክቶቹን ሁሉም ሃርፒስት አይጠቀምባቸውም። ምልክቱን ቢያስቀምጡም አጠገቡ በቃል ይጻፉት። «በጥፍር» ማለት ሁለት ሰኮንድ አይፈጅም። ቋንቋው ደግሞ የእርስዎ ሳይሆን የተጫዋቹ ይሁን።

ጎንደር ያደገ ሰው ይህን ነገር ከዜማ ቤት ያውቀዋል። በያሬድ ዜማ ይዘት፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ርክርክ እያልን ምልክት እናያለን። በትውፊት እንደሚነገረው በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን (1540–1559 እ.ኤ.አ.) እነ ጌራና ራጉኤል ያበጁት ነው። ምልክቱ ለተማሪው የሚናገረው ዜማውን አስቀድሞ ከመሪጌታው አፍ ስለሰማ ነው። ያልሰማ ሰው ብራናውን ቢያፈጥበት ምንም አይመጣለትም። ጎንደር በአታ ቤተ ክርስቲያን ቆመው አቋቋም የተማሩም ቢሆኑ በወረቀት ብቻ አልተማሩትም። የእርስዎ ሃርፒስት ከእርስዎ ጋር ዜማ ቤት አልገባም። አዘዞ ክረምት ከርሞ አያውቅም። ስለዚህ ለእርስዎ ግልጽ የሆነው ሁሉ ለእሱ ግልጽ አይደለም። በፓርቱ የመጀመሪያ ገጽ ላይ የምልክቶቹን ፍቺ ያስቀምጡ። ግማሽ ገጽ ይበቃል። ከዚያ ካለፈ ምልክት አብዝተዋል ማለት ነው፤ ይቀንሱ።

ለመሪው የሚሰጡት ስኮር (የሁሉም መሣሪያ ኖታ ያለበት) ላይ ሳጥኖቹ ቁጥር ይያዙ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ከበላያቸው ወደ ታች የሚያመለክት ቀስት። መሪው ለእነዚህ 20 ሰኮንዶች ምት አይመታም፤ ሳጥን ሲቀየር ብቻ እጁን ይሰጣል። በረዶው የሚቆመው በእሱ እጅ ነው። ያ ካልተጻፈ ሃርፒስቱ መሪውን ይጠብቃል፣ መሪው ሃርፒስቱን ይጠብቃል፤ ዝናቡ እስከ መስከረም ይቀጥላል።

አንዳንድ የማይደረጉ ነገሮች። የድምፅ ሳንቃውን በጉልበት አያስመቱ፤ በጣት ጫፍ መንካት ግን ይቻላል። የመቃኛ ቁልፍ ወይም ሌላ ብረት ክሩ ላይ እንዲጎተት አይጻፉ፤ ተጫዋቹ ራሱ ካልፈቀደ በቀር። ብዙ ጊዜ ሃርፑ የግል ንብረቱ ነው። የእርስዎን ቤት በር ሰው በድንጋይ ቢያንኳኳ እንደማለት ነው። ቀሪው ኦርኬስትራም በዚያ ሰዓት ዝም ይበል፤ ቢበዛ ባሶቹ በቀስት አንድ ዶ ይያዙ። ሃርፕ ከሩቅ ደካማ መሣሪያ ነው፤ ትሮምቦን ባለበት ጠብታ የለም።

አጠገብዎ ሃርፕ ስለሌለ መሞከሪያውን ልንገርዎ። ሰባት ቆርኪ ይሰብስቡ። ጎንደር ውስጥ ቆርኪ አይጠፋም። ወረቀት ላይ ሦስት አግዳሚ መስመር ያስምሩ፤ ላይኛው ፍላት፣ መሃሉ ናቹራል፣ ታችኛው ሻርፕ። ሦስት ቆርኪ በግራ፣ አራት በቀኝ፣ በፔዳሉ ቅደም ተከተል። በአምባሰል ይደርድሯቸው። የስልክዎን ሰዓት ከፍተው ሳጥኖቹን በአፍዎ እያሉ ቆርኪዎቹን ያንቀሳቅሱ። የግራ እጅዎ አንድ ጣት የግራውን ብቻ፣ የቀኝዎ አንድ ጣት የቀኙን ብቻ ይንካ። ጣትዎ ከተምታታ የሃርፒስቱም እግር ይምታታል። የተምታታበትን ቦታ ኖታው ላይ ያስተካክሉ፤ ቆርኪው ላይ አይደለም።

ከዚያ ይህን አንድ ገጽ ብቻ ለሃርፒስቱ ይላኩ። ስኮሩን በሙሉ አይላኩ፤ ማንም አያነበውም። ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ ለሶልና ለላ ፔዳል ጊዜው ይበቃል ወይ? ዶው ላይ እዝዝታው በእርስዎ ሃርፕ ይሰማል ወይ? ሳጥን ሦስትን በጥፍር መጫወት ይስማማዎታል ወይ? «አይ» ያሉትን ይቀይሩ። ፓርቱን የሚያሳትሙት መልሱ ከመጣ በኋላ ነው።